ጋሼ ላይ አይመታም

ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ መረብ ኳስ እንጫወታለን። የምንጫወተው ከገላን ኮንዶሚኒየም ብዙም በማይርቅ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ነው። "ወጣቶች" የሚለው ቃል እኔን እንደማይጨምር አውቃለሁ፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሩ ላይ ግን መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፤ ቦርጭ የሚለካም የለም።

ከእኛ በፊት አዳራሹን የሚይዙት ቴኳንዶ የሚማሩ ልጆች ናቸው። እነሱ የላባቸውን ሽታ ትተውልን ሲወጡ እኛ መረቡን እንወጥራለን። አንዱ ጫፍ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ሌላኛው ብረት ከወለሉ ከተነቀለ ስለቆየ፣ በዚያ በኩል ገመዱን የምናስረው ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር ነው። ስለዚህ መረባችን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያቆሙኝ ዝቅ ባለው በኩል ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

አስራ ሁለት አስራ ሦስት ሰዎች እንሆናለን፤ አብዛኞቻችን የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ነን። ቀኑን መሃል ከተማ ስንሠራ ውለን፣ በቃሊቲ መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ እየተንፏቀቅን በሚኒባስ እንመለሳለን። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ወደዚህ ጨዋታ ያመጣኝ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጓደኛዬ ነው። እኩያዬ ነው፣ አስተማሪ ነው፤ ልጅ ሳለ ለትምህርት ቤቱ ተሰልፎ ስለተጫወተ እጁ ኳስ ያውቃል። የእኔ እጅ የሚያውቀው ፋይል ነው።

እንዲያም ሆኖ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር እኮራ ነበር፤ ሰርቪስ በመቀበል። ከመረቡ ማዶ ተመትታ የምትመጣውን የመጀመሪያ ኳስ በሁለት ክንድ ተቀብሎ ለጓደኛ ማድረስ ማለት ነው። ከባድ ሥራ ነው ይባላል። ለእኔ ግን ቀላል ነበር። ወደ እኔ የምትላክ ኳስ ከፍ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ተረጋግታ ነበር የምትመጣው። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ አደርሳታለሁ፤ "ጎበዝ ጋሼ!" እባላለሁ። ጠንካራዎቹ ኳሶች ሁሉ ወደ ሌሎቹ ይሄዳሉ። ይህን ነገር ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ በደንብ አስቤበት አንድ መደምደሚያ ላይ ደርሼ ነበር። ይፈሩኛል።

ባለቤቴ ማታ በር ስትከፍትልኝ "ዛሬስ እንዴት ነበር?" ትለኛለች። "አንዲት እንኳ አልሳትኩም" እላታለሁ። እውነቴን ነበር፤ የምትሳት ኳስ አልተላከችልኝም እንጂ። ይባስ ብዬ ወጣቶቹን መምከር ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ሰብሰብ አድርጌያቸው "ልጆች፣ ሰርቪስ የሚቀበለው ክንድ አይደለም፣ ልብ ነው" ብያቸዋለሁ። በአክብሮት አዳመጡኝ። ይህን ንግግሬን ባስታወስኩ ቁጥር፣ መሥሪያ ቤት ሰው መሃል ብሆን እንኳ፣ ፊቴን በፋይል እሸፍናለሁ።

ሥልጣንም ነበረኝ። በዓመት አንድ እሁድ ሳሪስ አቦ ሄደን፣ ሜዳቸው ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንገጥማለን። የሚሰለፉትን ስድስት ሰዎች የምጽፈው እኔ ነኝ። በዕድሜ ትልቁ አንተ ነህ፣ ጽሕፈትም ሥራህ ነው ተብዬ የተሾምኩበት ነው። እኔ ደግሞ በመዝገብ ቤት ወግ ስም ዝርዝሩን የማወጣው በዕድሜ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው የእኔ ስም ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ዘንድ ሁለቱም አንድ ላይ ተገናኝተው ነበር።

የእኔ ስም እዚያ በመገኘቱ ውጭ የምትቀረው አንዲት ልጅ ነበረች። ባንክ ቤት መስኮት ላይ የምትሠራ፣ ከእኔ በአንድ ራስ የምትረዝም ልጅ ናት። ኳስ ስትመታ ድምፁ ውጭ የቆሙ የባጃጅ ሾፌሮች ጋ ይደርሳል። ባለፈው ዓመት ግጥሚያ የጉልበት መከላከያዋን አጥልቃ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዳር ተቀምጣ አየችን። ተሸነፍን። የሳሪሶቹ ልጆች ሰርቪሳቸውን በሙሉ እኔ ላይ አወረዱት፤ እኔም ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ እየገባች አስቸግራኝ እንደነበር ለሁሉም አስረዳሁ። ሁሉም "አዎ፣ የዛሬዋ ፀሐይ ልዩ ናት" አሉኝ። ልጅቷንም ለብቻዋ ወስጄ አጽናናኋት፤ "አይዞሽ፣ ጊዜሽ ይመጣል። ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው" አልኳት። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ዘንድሮ ግጥሚያው እሁድ ሊሆን፣ ሐሙስ ማታ ዝርዝሬን በኪሴ ይዤ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ተራ ቁጥር አንድ እንደ ወትሮው ነበር።

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ አንድ እንግዳ መጣ። ከልጆቹ አንዱ የጋበዘው፣ አቃቂ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ውስጥ በያጅ የሆነ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። አርፍዶ ስለደረሰ ወዲያው ልብሱን ቀይሮ ከመረቡ ማዶ ገባ። ማንም ምንም ሊነግረው ጊዜ አልነበረም።

መጀመሪያ የነካኝ እኔ ሰርቪስ ስመታ ነው። እጁን አውጥቶ "መስመር!" አለ። ወደ እግሬ አየሁ። መስመሩን በሁለት እርምጃ አልፌ ቆሜያለሁ። አራት ዓመት እዚያው ቦታ ስቆም "መስመር" ያለኝ ሰው ስላልነበረ፣ መስመሩ የሌላ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ እንግዳውን በዓይናቸው ገረመሙት፤ እሱ ግን ኳሷን ተቀብሎ ሰርቪስ ሊመታ ወደ ኋላ ሄደ።

ሰውየው እንደማንኛውም ተጫዋች ደካማውን ፈለገ። እኔን ለማግኘት አንድ ጊዜ ማየት ብቻ በቃው፤ እኔ ራሴን ለማግኘት አራት ዓመት አልበቃኝም። የመጀመሪያዋ ኳስ ደረቴን መታችኝ። ሁለተኛዋ አውራ ጣቴን ነክታ ጣሪያ ወጣች። ሦስተኛዋን አላየኋትም፣ ሰማኋት እንጂ። ፀሐይ ናት እንዳልል መሽቷል።

ያን ጊዜ ከእሱ ጋር የተሰለፈችው የባንኳ ልጅ ጠጋ ብላ አንሾካሾከችለት። ያ አዳራሽ ግን ቆርቆሮ ነው፤ ሹክሹክታን ተቀብሎ ለሁሉም ያከፋፍላል።

"ጋሼ ላይ አይመታም" አለችው።

"ለምን? አሟቸዋል እንዴ?"

"ኧረ አላመማቸውም። ትልቅ ሰው ናቸው። ለሳቸው ቀስ ተደርጎ ነው የሚላከው።"

"እና ለምን ይጫወታሉ?"

ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም። ሊገባው የፈለገ ሰው ጥያቄ ነበር። እሱም እንደተነገረው ቀጣይዋን በጣም ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል እንደሚያቀብል ሰው ላከልኝ። እሷንም ሳትኳት።

ውኃ ልንጠጣ ስናርፍ ጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና መልሶ አሰረ። "አንተ ከመጣህ ከሦስተኛው ሳምንት።"

"ማን ነው የጀመረው?"

"እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ጣትህ ወልቆ 'በቃ ይቅርብኝ' ብለህ ስትቀር ትዝ ይልሃል? ያኔ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ብቻ ሆነህ ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንኳ ሰላምታህ አይሰማም ነበር። እንዳትቀርብን ብዬ ነው።"

"የሳሪሶቹስ?"

"እነሱን በምን አፌ ልለምን?"

"ፀሐይዋስ?"

"ፀሐይዋ ከጀርባህ ነበረች" አለኝ። ሳቁን ሊይዝ ታግሎ አቃተው፤ እኔም ሳላስበው አብሬው ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ከእሱ ቀርቶ ከራሴም ልደብቀው አልቻልኩም። አራት ዓመት አስራ ሁለት ሰው ተባብሮ ሲያባብለኝ፣ እኔ እኮ አሰልጣኛቸው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሁሉም ያሳፈረኝ ግን የልጅቷ ነገር ነው። ትዕግሥት ያስፈልግሻል ብዬ ስመክራት፣ የምትታገሰው እኔን ነበር።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላም ቢሆን እሁድ መሰለፍ እፈልግ ነበር። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። በጣም ነው የፈለግኩት። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቃት ቀን ናት፤ በዚያች ቀን አንድ ዓይነት ማሊያ እንለብሳለን፣ በአንድ ሚኒባስ እንሄዳለን፣ መንገድ ላይ እንዘፍናለን። መዝገብ ቤት ውስጥ የሚዘፍን የለም።

ዝርዝሬን አውጥቼ ሁሉንም መረቡ ሥር ጠራኋቸው። ስሜን ሰረዝኩ፣ የልጅቷን ስም ከሥር ጻፍኩ። "እሁድ እኔ ልቅርና እሷ ትግባ" አልኩ።

ይህን ያልኩት ከልቤ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እኛ አገር ግን ሰው ቤት ተጋብዞ "ጠገብኩ" የሚል ሰው ጠግቧል ማለት አይደለም፤ "በሞቴ" እስኪባል እየጠበቀ ነው። "ጠገብኩ" ይላል፣ "በሞቴ" ይባላል፣ "ኧረ በቃኝ" ይላል፣ "አፈር ስሆን" ይባላል፣ ከዚያ ይጎርሳል። እኔም በዚሁ ሥርዓት ነበር የተናገርኩት። መጀመሪያ ሲለምኑኝ "አይሆንም፣ ወስኛለሁ" ልል፤ ሁለተኛ ሲለምኑኝ "ዕድሜም አለ እኮ" ብዬ ልተክዝ፤ በሦስተኛው ደግሞ፣ ሰው ማስቀየም ነውር ስለሆነ እሺ ልል አዘጋጅቻለሁ። ስሜን የሰረዝኩት በእርሳስ ነበር።

"እሺ ጋሼ" አሉ።

ሁሉም ባንድ ላይ። ኳስ ስትመጣ "ያንተ ናት፣ ያንቺ ናት" እየተባባሉ መሃላቸው የሚጥሉ ሰዎች፣ ይህችን ግን ባንድ ድምፅ አሏት። ትንሽ ጠበቅኩ። ወደ ጓደኛዬ አየሁ፤ እሱ የመረቡን ገመድ እያጠበቀ ነበር። ሌላም ትንሽ ጠበቅኩ። በያጁ "ጥሩ አድርገዋል" አለኝ። ልጅቷ ደግሞ "እሁድ ስንት ሰዓት ነው የምንገናኘው?" ብላ ጠየቀች።

"ሁለት ሰዓት፣ በሩ ላይ" አልኩ። ዝርዝሩን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶን ስለነበር ወደ ጨዋታው ተመለስን። ሰርቪስ የእሷ ተራ ሆነ። ወደ ኋላ ሄደች፣ ኳሷን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ አነጠረች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መታች። ክንዴ ላይ ስታርፍ እሳት የነካኝ መሰለኝ፤ ኳሷ ተፈናጥራ ግድግዳ ጋ ደረሰች። ይቅርታ እስክትለኝ ቆሜ ጠበቅኩ። "ኳሷን ያቀብሉኝ" አለች፣ እጇን ዘርግታ። ሄጄ አምጥቼ ወረወርኩላት።

እንደገና እኔ ላይ መታች። እንደገና ሳትኩ። ስድስት ጊዜ ተከታትላ መታችብኝ፣ ስድስቱም ነጥብ ሆኑላት። ከስድስተኛዋ በኋላ ከእኛ ወገን አንዱ ቦታ እንቀያየር ሲለኝ አይሆንም አልኩት፤ ይህኛው እንኳ ከልቤ ነበር። ሰባተኛዋ ስትመጣ አየኋት። በሁለቱ ክንዶቼ መሃል አረፈችና ወደ ላይ ወጣች፤ ቀጥ ብላ ባይሆንም ወጣች። ጓደኛዬ ከሥሯ ሮጦ አነሳት፣ ሌላው ሊመታት ተነሳ፣ ከማዶ በያጁ ሊያግድ ዘለለ፣ ልጅቷ ከኋላ እየጮኸች መጣች። በዚያች ቅጽበት እኔን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ኳሷን ነበር። እኔም እንደነሱ ኳሷን እያየሁ ሮጥኩ።