ቅዳሜዬን የበላው ቆጮ

ባለቤቴ ቡና ነጋዴ ነው። በቡና ወቅት አሪቻና ወርቃ የቡና ቀበሌዎች ሲመላለስ ስለሚከርም ቤታችን ምን እንደሚበላ እንኳ አያይም። ወቅቱ ሲያልፍ ግን እቤት ይቀመጥና ሐሳብ ይመጣለታል። ለሱ ሐሳብ ሲመጣለት ደግሞ ሥራው የማን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

አንድ ጊዜ የመጣለት ሐሳብ የታሸገ ምግብ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስገባ የፓኬት ኑድል እጥዳለሁ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ጣል ሳደርግበት ራት ደረሰ ማለት ነው። ሽሮውም በርበሬውም ከሱቅ ነው። ይጣፍጣል፤ ልጆቹም ሳህን ይልሳሉ። እሱ ግን አንድ ማታ ፓኬቱን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ ሲታገል ቆየና፣ ስሙን ማንበብ የማልችለው ነገር ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይገባም አለ። ውድም ነው አለ። የቤት ምግብ እንዴት እንደሚረክስ ጣቱን እያጠፈ አስረዳኝ። በርበሬውን አሰበ፣ ቅመሙን አሰበ፣ ወፍጮውንም አሰበ፤ የኔን ቅዳሜ አላሰበም። ሌላው ቀን ትምህርት ቤት ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፤ ያለችኝ ያቺ ቅዳሜ ብቻ ናት።

እሺ አልኩ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመጣ በርበሬ እቀነጥሳለሁ፣ አሰጣለሁ። ዲላ ላይ በርበሬ ማስጣት ሰማይ ሰማይ ሲያዩ መዋል ነው። ፀሐይ ወጣች ብዬ ሳወጣ ካፊያ ይጀምራል፤ ተሸክሜ ስሮጥ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «መጣ፣ መጣ» ይለኛል። ዝናቡን ማለቱ ነው። አግዘኝ ስለው እናቱ ይህን ሁሉ ብቻዋን ትሠራ እንደነበር ይነግረኝና «የእናቴ እጅ እኮ…» ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። የእናቴ እጅ ሲል ደሜ ይፈላል።

በርበሬው አልበቃ ብሎት፣ ጓሮ ያለው እንሰት ይፋቅና የቤት ቆጮ እንብላ አለ። የገበያውን ቆጮ የማን እጅ እንደሠራው አይታወቅም ነው ምክንያቱ። እኔ የሰሜን ሰዎች ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ዲላ ብወለድም ቆጮን የማውቀው ተጋግሮ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ እናቱን ከትውልድ መንደሩ ከኢዲዶ አስመጣቸውና እንዲያሳዩኝ ነገራቸው። አማቴ ብዙ አይናገሩም፣ ያያሉ። ፈራሁ። ልጄን በፓኬት የምታኖረው ይቺ ናት ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ቅዳሜ በጠዋት አማቴ መፋቂያ ሳንቃ አስደግፈው፣ ኮባ አንጥፈው ተቀመጡ። አንድ እግራቸውን አንስተው የእንሰቱን ልጣጭ ሳንቃው ላይ ረገጡና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁት ጀመር። እኔም ሞከርኩ። ጭማቂው ፊቴ ላይ ተረጨ፣ ክንዴ ዛለ። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ጃኬቱን ለብሷል። በነሱ ዘንድ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው አይቆምም፤ ነውር ነው። ይተክለዋል፣ ይበላዋል፣ መሃሉን አያይም። እንደዚህ ደንብ አጥብቆ የሚያከብረው ነገር የለውም። ሲመሽ እመለሳለሁ ብሎ በሩ ጋ ደረሰ።

አማቴ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ጠሩትና ተቀመጥ አሉት። ነውር ነው እማዬ አለ። እሳቸውም ጃኬትህን አውልቅ አሉት።

ቁጭ አለ። እግሩን ሲያነሳ ወደኋላ ተንጋለለ፤ እግሩን ሲያወርድ ልጣጩ ተንሸራተተ። የፋቀው ግማሹ ሸሚዙ ላይ ቀረ። ክንዱን አሳከከው፣ ወገቡን ያዘው። ብዙ ቀረ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እናቱ ገና የመጀመሪያው ልጣጭ መሆኑን ነገሩት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ኮባ ላምጣ ብዬ ዞር አልኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አመሻሹ ላይ የተፋቀውን በኮባ ጠቅልለን ጉድጓድ ከተትነው። እዚያው ሳምንታት ካልከረመ አይበላም። ለዛሬ ራት ግን ማንም ያሰበ የለም፤ ልጆቹ ራበን ይላሉ። ባለቤቴ እያነከሰ ወጣና ከሱቅ በፌስታል ኑድል ይዞ ገባ። ራሱ ቀቀለው። ዛሬን ብቻ ነው እማዬ፣ ይቅርታ እያለ ለእናቱ አቀረበ።

አማቴ ቀመሱ። ደግመው ጎረሱ። ለመብሰል ምን ያህል እንደሚፈጅ ጠየቁኝ፤ ውሃው ከፈላ ወዲያው ነው አልኳቸው። ወደ ሳህኑ ትንሽ አዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ወድጄ ስፍቅ የነበርኩ መሰለህ?» አሉት። «በኔ ጊዜ ይሄ ቢኖር ኖሮ ገዝቼ አበላህና እተኛ ነበር።»

እኔ ቀኑን ሙሉ የታገልኩት ሳቅ ጠፋብኝና እንባዬ መጣ። አማቴ ግን ባዶ ሳህናቸውን ወደ ልጃቸው ዘርግተው ጨምርልኝ አሉት።