ጉም የያዘው መስታወት

መኪናዋን የገዛኋት ወድጄ አይደለም፤ የቤንዚን ሰልፍ አንገፍግፎኝ ነው። አሮጌዋ መኪናዬ ከሬዲዮኑ ሥር ክብ ማዞሪያ ነበራት። መስታወቱ ጉም ሲይዝ ዓይኔን ከመንገድ ሳልነቅል ቀጭ አድርጌ አዞራታለሁ፣ አለቀ! አዲሷ ኤሌክትሪክ ግን ያላት አንድ ትልቅ ስክሪን ብቻ ነው፤ እሱም በቻይንኛ። ሻጩ "ሥዕሉን እያየሽ ትለምጂዋለሽ" አለኝ። እውነትም ለምጄው ነበር፣ ቢያንስ ፀሐይ ሲሆን።

የዚያን ቀን እናቴን ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ጋ አሳፍሬ ወደ ምኒልክ አደባባይ ስንወጣ ዝናቡ ዱብ አለ። ዝናብ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ በረዶ ነው! መስኮቶቹን ዘጋን። የእናቴ ጃንጥላ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሻችንም አለ፤ መስታወቱ ከታች ጀምሮ እየነጣ መጣ።

የማራገቢያውን ሥዕል ነካሁ። ካርታ መጣ። ሌላ ነካሁ፤ ሬዲዮው ጮኸ። ደግሜ ስነካ እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ያ ረቢ! ወንበሩ ተቃጠለ እኮ!"

የወንበር ማሞቂያውን ነው የከፈትኩት። "እማ፣ በናትሽ ዝም በይ!" ብዬ ጮህኩባት። ቀና ስል መንገድ የለም። ነጭ ብቻ።

ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ የሞተር ድምፅ ስለሌላት፣ እየሄደች ይሁን ቆማ ማወቅ አቃተኝ። ስክሪኑን ስነካካ መሪውን ወደ ቀኝ ሳልጎትተው አልቀረሁም። ሰው ገጭቼ ይሆን? ከኋላ ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን ለቀቁብን። እናቴ ዱዓ እያደረገች በሻርፗ ጫፍ መስታወቱን ትጠርጋለች፤ የጠረገችው ወዲያው ይሸፈናል።

"ውረጂና እዪ እንጂ!" አለችኝ።

መውረዱንም ፈራሁት። ፓርክ አድርጌ፣ በሩን ይዤ ወረድኩ።

የቀኙ ጎማ መንገድ ለማስፋት የተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሟል። ወደ ውስጥ አየሁ። ሦስት ቆፋሪዎች ላስቲክ ወጥረው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ በረዶው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ከጎማው ሥር የተነሳች ጠጠር ላስቲኩ ላይ ጠብ አለች። አንደኛው ቀና ብሎ እኔን ብቻ አየ፤ በረዶ ሲወርድብኝ አሳዘንኩት መሰለኝ።

"እህቴ፣ ምን በዝናብ ያቆምሻል? ነይ ግቢ፣ ቦታ አለ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ጎማዬን አየሁ፣ ከሥሩ ያለውን የሱን ራስ አየሁ።