ጫማዬም ይግባ

የፎቶግራፍ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «የምታደንቁት ፎቶ አንሺ ሥራ ምን ስሜት እንዳሳደረባችሁ ጻፉ» ሲሉን ምርጫ አላስቸገረኝም። አንድ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ከዓመታት በፊት መካኒሳ አቦ ያነሳት አንዲት ፎቶ ካየኋት ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋችም። አንዲት ሴት በራቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከልባቸው ይስቃሉ። በእኛ አገር ካሜራ የተደገነበት ሰው ለመታወቂያ እንደሚነሳ ነው የሚኮሳተረው። ታዲያ እሱ ምን ብሎ አሳቃቸው? «ዝቅ ብሎ ከታች ወደ ላይ ማንሳቱ ለሴትየዋ ያለውን ክብር ያሳያል» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬም ወደዱልኝ።

ሴትየዋ የሰፈራችን ሰው፣ እትዬ አስካለ ናቸው። እኔም እንደ እሱ ላነሳቸው ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። እትዬ አዲስ ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው በራቸው ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ግን ልቅሶ የመጡ ይመስል ክርችም አደረጉት። ቀልድ ብነግራቸው፣ ብለማመጣቸው፣ ወይ ፍንክች!

«ጫማዬም ይግባ እንጂ! ወደ ኋላ በል!» አሉኝ።

ወደ ኋላ አልኩ።

«አሁንም ትንሽ!»

አሁንም ትንሽ ስል እግሬ መሬት አጣና ከነካሜራዬ ከበራቸው ፊት ለፊት ያለው ቦይ ውስጥ ተዘረርኩ። ቀና ብዬ ሳይ እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ከታች ወደ ላይ ሲታዩ ቁርጥ ያንን ፎቶ!

«አይ ልጄ!» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። «ያም ሰውዬ እዚችው ቦይ ነው የገባው። እሱ ግን እየወደቀም አነሳኝ።»