ፈረደ እና የላላው ፍሬን

ፈረደ የኮኪት ገበሬ ነበር። ጣሊያን ጎተራውን ካቃጠለበት ቀን ጀምሮ ማሽላውን ለሚስቱ ለአሰበች ትቶ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን አቆመ። በተለይ የጣሊያንን ደሞዝ የበላ ሰው «እግዜር ይመስገን» ሲል እንኳ «ምን አስቦ ይሆን?» ይል ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሲጋመስ ጣሊያን መተማን ለቅቆ ወደ ጭልጋ አፈገፈገ። ሲሄድ አንድ ካሚዮን ትቶ ሄደ። እንግዳው የሚባል መካኒክም ቀረ። እንግዳው ጭልጋ ተወልዶ ገዳሪፍ ያደገ፣ እዚያው ሱዳኖች ወርሻ በሚሉት የጥገና ቤት ሙያ የተማረ፣ ኋላም ሦስት ዓመት ለጣሊያን የሠራ ጎልማሳ ነው። እነፈረደ መተማ ሲገቡ የአርበኞቹ አለቃ ቀኛዝማች አለነ እንግዳውን አስጠሩት።

«በጭልጋው መንገድ ወህኒ የምትባለው መንደር ላይ ቁስለኞች አሉን። በቃሬዛ እናምጣቸው ብንል በመንገድ ያልቃሉ። ካሚዮኑን አብጅና ቁስለኞቹን ከድንበሩ ማዶ ላለው የእንግሊዝ ሐኪም አድርስልን» አሉት። ወደ ፈረደ ዞር ብለው ደግሞ «አንተ ከአጠገቡ እንዳትለይ» አሉ።

ከቁስለኞቹ አንዱ ሰጠኝ፣ የፈረደ ታናሽ ወንድም ነበር።

በማግስቱ ጧት እንግዳው ካሚዮኑ ላይ ወጥቶ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ጭቃ የረገጡ ያህል ለስልሶ እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሞ ሲረግጠው ግን ከፍ እያለ መጣ።

«አየር ገብቶበታል» አለ። «ፍሬን የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው፣ አያ ፈረደ። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። እግር የሚሰምጠው ለዚያ ነው።»

ይህስ ለፈረደ ገብቶታል። ያልገባው ሌላ ነው። እንግዳው ሌሎቹን ጎማዎች ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በቀጥታ ከኋለኛው ግራ ጎማ ሥር ተንፏቆ ገባ። እዚያ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ላልታ ነበር፤ ዙሪያዋን ዘይትና አቧራ ለብጦታል። ፈረደ ይህን አየ። በልቡም ያዘው።

የፈሰሰውን የሚተካ የፍሬን ዘይት አልተገኘም። እንግዳው ከነጋዴዋ ከሐሚዳ የጉሎ ዘይት፣ ከአረቄ ቤት ደግሞ ጠንካራ አረቄ አስመጥቶ ቀላቀለ። ፈረደ ጣቱን ነክሮ አሸተተው።

«አረቄ ለመኪና? የሞተር ዘይት በበርሜል ሞልቶ የለም እንዴ?»

«የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ውስጥ ዘይቱን የሚገፋውን ጎማ ማለቴ ነው። ገዳሪፍ ሳለን የፍሬን ዘይት ሲጠፋ ችግሩን በዚህ ነበር የምንወጣው።»

አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ብሎኑን ይከፍታል። ፈረደ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንግዳው ከሥር ይጮሃል።

«ይርገጡ! ይያዙ! እስክዘጋው እንዳይለቁ፤ ከለቀቁ አየሩ ይመለሳል!»

በባንዳ መታዘዝ ፈረደን አንገበገበው። ቢሆንም ረገጠ፤ ያዘ፤ ለቀቀ። በየጎማው አረፋው አልቆ ንጹሕ ዘይት ሲወጣ ፔዳሉ ጠነከረ።

እንግዳው ደስ ብሎት ወጣና እግሩን ፔዳሉ ላይ ጭኖ ቆየ። ፔዳሉ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ሰመጠ። ፊቱ ተለወጠ። ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ። የዘይት ጠብታ የለም። እንደገና ዞረ።

ፈረደ የነቃው ያኔ ነው። ሰው የማያውቀውን ብልሽት ሲፈልግ እንዲህ ይዞራል፤ የመጀመሪያውን ግን አልፈለገውም። ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ያችን ብሎን ማን አላላት?»

እንግዳው እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ ነኝ። ጣሊያን ጥይት ጭኖበት ሊሄድ ነበር። ሲጭኑ ከሥር ገብቼ አላላኋት። ሹፌሩ ፍሬን እንደሌለው ሲያውቅ ጥይቱን ወደ ሌላ ካሚዮን ገልብጠው ሄዱ። እኔ በግርግሩ አገዳ ክምር ውስጥ ተደበቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ለቀኛዝማች አልነገርካቸውም?»

«ማን ያምነኛል፣ አያ ፈረደ? ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ‹ባንዳ ነበርሁ› የሚል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል?»

ፈረደ «እኔም ጣሊያንን በስውር ስጎዳ ነበር» የሚል ወሬ በዚያ ሳምንት ብቻ ከሰባት ሰው ሰምቷል። ደግሞስ ብሎኗን ያላላት ለእነሱ፣ ለአርበኞቹ ወጥመድ እንድትሆን ቢሆንስ? ግን ሰጠኝ ወህኒ ላይ ተኝቷል።

«የአሁኑስ?»

«የአሁኑን አላውቀውም። ወደ ውጭ ካልፈሰሰ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው። ፔዳሉ ሥር ያለውን ፓምፕ እንፍታው።»

ፈቱት። ጎሚኒው አብጦ ጠርዙ ተበልቷል። «አንዱ ሹፌር ቸኩሎ የሞተር ዘይት ጨምሮበታል» አለ እንግዳው። ከከተማው ወጣ ብሎ በቦምብ የተመታ፣ ዓይነቱ አንድ የሆነ ካሚዮን ወድቆ ነበር። እንግዳው ከፊት፣ ፈረደ ከኋላ ሆነው ሄደው ደህና ጎሚኒ አወጡ። ቧንቧውን በአረቄ አጥበው ገጠሙ፤ አየሩንም እንደ አዲስ አስወጡ። በመጨረሻ ፈረደ ራሱ ረግጦ እስከ መቶ ቆጠረ። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም።

ወህኒ ደርሰው አሥራ አንድ ቁስለኞች ጫኑ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፈረደ መንገዱን አላየም፤ ዓይኑ የእንግዳው እግር ላይ ተተክሎ ቀረ። እንግዳው በከባድ ማርሽ እያዘገመ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እያሳረፈ፣ በየጠመዝማዛው እየያዘ ወረደ። ከኋላ ሰጠኝ በየጉድባው ያቃስታል። አመሻሹ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ፤ በመንገድ የሞተ አልነበረም።

ፈረደ የብሎኗን ነገር ለማንም አልተነፈሰም። ቢናገር ሰውየው ይሰቀል ወይም ይሸለም ነበር፤ የትኛው እንደሚገባው እሱም አላወቀም። እስከ ክረምቱ መግቢያ ቁስለኛ እየጫኑ ስንት ጊዜ አብረው ተመላለሱ። ሰጠኝ አንድ እግሩ አጥሮ ተረፈ።

ጎንደር ነጻ በወጣች በወሩ እንግዳው እናቱን ሊጠይቅ ወደ ገዳሪፍ ተነሣ። ፈረደ አሰበች ያሰናዳችውን ስንቅና አንድ ቁና ሰሊጥ ይዞ እስከ ድንበሩ ሸኘው። ሊሰናበቱ ሲሉ የእንግዳውን ከረጢት ከትከሻው አስወርዶ እስከ ታች ፈተሸው። እንግዳው ሳቀ። ፈረደ አልሳቀም፤ ከረጢቱን መልሶ አሰረና ሰሊጡን ከላይ ጫነለት።