የይርጋ የአርብ ዜማ

ይርጋ ሞተ አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ፣ በስህተት እንዳይሆን ብዬ። ከእስራኤል ደውላ የነገረችኝ ልጁ ናት። "አባዬ ትናንት ጠዋት አረፈ" አለችኝ እንደገና። አሁንም አልዋጥልኝ ብሎኛል።

እዚህ ገጼ ላይ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ናችሁ፤ ይርጋን አታውቁትም። እናንተ ሳትወለዱ፣ በንጉሡ ዘመን፣ እኔና እሱ ነቀምቴ አንድ ትምህርት ቤት የተመደብን ጀማሪ አስተማሪዎች ነበርን። እኔ የደምቢዶሎ ልጅ፣ የጴንጤ ቤተሰብ፣ መዘምራን ውስጥ ያደግኩ። እሱ ከጎንደር የመጣ ቤተ እስራኤል፤ ያኔ ሰዉ "ፈላሻ" እያለ የሚሰድባቸው።

ዛሬ ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር በኩል አዴ ጫልቱ ከሚባሉ እናት አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን ኖርን። ሃይማኖቱን ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም።

አርብ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገላውን ይታጠባል፣ ነጠላውን ይለብሳል፣ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይዘምራል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አንድ ስንኝ ይልና ዝም። ሌላ ይልና ዝም።

"ለምንድነው የምታቆመው?" አልኩት አንድ ቀን።

"እኛ ጋ ቄሱ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። አባቴ ቄስ ነው። እዚህ የሚመልስ ስለሌለ ቦታውን ትቼለት አልፋለሁ።"

አንጀቴን በላኝ። "በል አስተምረኝ" አልኩት።

አስተማረኝ። ግማሹ በግዕዝ የዳዊት መዝሙር ነው፤ ግማሹ የጥንት አገውኛ። "ምን እንደምል እኮ አላውቅም" ስለው ሳቀ። "የአገውኛውን እኔም አላውቀውም፤ አባቴም አያውቀውም። ገመቹ፣ ቃሉን እግዜር ያውቀዋል፤ ከእኛ የሚጠብቀው ዜማውን ነው።"

ይቺን ነገር ሁልጊዜ ይላት ነበር።

እኔ መዝሙርን ስብከት እስኪጀመር የሚዘመር ነገር አድርጌ ነው ያደግኩት። እሱ ግን "መቅደሳችን ፈርሷል፤ ስንዘምር እንገባበታለን" አለኝ። እውነትም ሲዘምር ያቺ ጭቃ ቤት ትሰፋብኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የጎንደር ነጋዴ ገበያ ላይ አየውና ዘሩን ለየው። በሳምንቱ ከተማው አወቀ። እንደ ክፉ አጋጣሚ ደግሞ የጎረቤታችን ሕፃን በትኩሳት ሞተ። "ቡዳ ነው፤ አርብ አርብ በማይታወቅ ቋንቋ ይደግማል" ተባለ። እንደ ልጃቸው የሚያዩት አዴ ጫልቱ እንኳ "ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ፈራሁ" አሉት እያለቀሱ።

ወላጆች የዳይሬክተሩን ቢሮ ሞሉት። እኔም ተጠራሁ።

"አንተ አብረኸው ነው የምትኖረው። ምንድነው የሚለው?" አሉኝ ዳይሬክተሩ።

የዳዊት መዝሙር ነው፣ እኛም የምንዘምረው ነው፣ እኔም አብሬው እመልሳለሁ ማለት ነበረብኝ። ከወላጆቹ መካከል የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቆመው ያዩኛል።

"አላውቅም" አልኩ። "እሱ ሲጀምር እኔ ከቤት እወጣለሁ።"

ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

በዚያው አርብ ታጠበ፣ ነጠላውን ለበሰ፣ ፊቱን አዞረ። ጠበቅኩ። ምንም አላለም። "ጀምር እንጂ" አልኩት። እስኪጨልም ዝም ብሎ ቆመ።

ሰኞ ሥራውን ለቆ አውቶቡስ ተሳፈረ። አብሬው ተሳፍሬ እስከ ሲሬ ከተማ ሸኘሁት። ሲሬ አውቶቡሱ ሲቆም "ክፍል አለህ፤ ከዚህ ተመለስ" አለኝ።

"አገርህ ስትገባ ትዘምራለህ አይደል?" አልኩት። ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

"የሚመልስልኝ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ ነበር" አለና ገባ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስልኬን አፈላልጎ ከእስራኤል ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ እንደዋወላለን። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች እናወራለን። ያቺን ቀን እሱም አላነሳት፣ እኔም አላነሳሁ። ለሚቀጥለው እላለሁ፣ ለሚቀጥለው እላለሁ። ሳልል ዕድሜው አለቀ።

ትናንት በዚያው ስልክ ልጁ ጠየቀችኝ። "አባዬን የቄስ ልጅ ነው ይሉታል፤ ሲዘምር ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ጸሎት ቤትም ከንፈሩን አያንቀሳቅስም። እርስዎ ጋ እያለ ይዘምር ነበር?"

"ይዘምር ነበር" አልኳት። "ድምፁ ደስ ይል ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተወው?"

"እንጃ ልጄ" አልኳት። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም "አላውቅም" አልኩ።

ይርጋ ወንድሜ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ስዘምር ኖሬአለሁ። ሰዉም "የጋሽ ገመቹ ድምፅ ደስ ሲል" ይላል። አንተ ዝም ብለህ ኖረህ ዝም ብለህ ሄድክ። ይቅር በለኝ ማለት የነበረብኝ ስልኩን የምታነሳልኝ ጊዜ ነበር። አሁን ይቅር ብትለኝም አልሰማህም።

ሂድ በቃ። እኔ እንደ ሲሬው ቀን እዚሁ ቀረሁ።