እንዶድ የነካው ብርጭቆ

በደርግ ጊዜ ጎንደር ከተማ ጸበል እንጂ ሳሙና አይገኝም ነበር። ቀበሌ ሱቅ ሳሙና መጣ ሲባል ቁስቋም ሰፈር ያለች ሴት ሁሉ ትሰለፋለች፤ የእኔ ተራ ሲደርስ «አልቋል!» ይሉኛል። መቼ ተጀምሮ ነው የሚያልቀው! ከነጋዴ ልግዛ ብል ዋጋው አይቀመስም። ባልና ሚስት የመንግሥት ሠራተኞች ብንሆንም ደሞዛችን ከቤት ኪራይና ከጤፍ አያልፍም። ሳህኑን በአመድ ፈትጌ በሙቅ ውሃ አለቀልቃለሁ፤ ቅባቱ ግን አይለቅም።

ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ከባሌ በቀር ማንም አያውቅም። ባለፈው ዓመት ገና ሳይጠና አውርቼ፣ እልል ተብሎልኝ፣ ወዲያው አስወረደኝ። ስለዚህ ሆዴ እስኪገፋ ትንፍሽ ላልል ምያለሁ።

አማቴ ከማክሰኝት ሊጠይቁን የመጡት በዚህ መሀል ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳህንና ብርጭቆው ሁሉ ታጥቦ ተደርድሮ ያብረቀርቃል። ደስ አለኝ። አንዱን ብርጭቆ አንስቼ ውሃ ቀዳሁና ጭልጥ አደረግሁት። መረረኝ።

«እማማ፣ ዕቃውን በምን አጠቡት?»

«በእንዶድ ነዋ! ፍሬውን ወቅጬ ዘፈዘፍሁት፤ አረፋው እንዴት ሸጋ መሰለሽ! ምነው ልጄ፣ ለሳሙና ብለሽ ገንዘብሽን ታባክኛለሽ?»

እንዶድ ነጠላ ያነጣል፤ ፅንስም ያስወርዳል። ይህን በአገራችን የማታውቅ ሴት የለችም፤ ያረገዘች ሴት አጠገቡ አትደርስም። ብናገር መሐላዬ ሊፈርስ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ዕቃ ልበላ ነው። ዕቃውን ሰብስቤ የፈላ ውሃ እየደፋሁበት እንደገና ማጠብ ጀመርሁ።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«ምነው? እጄን ተጸየፍሽው? የገጠር ሴት ያጠበው አይበላም?»

«ኧረ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? በይ ነጠላዬን አቀብይኝ፣ አገሬ እገባለሁ!»

እኔም እሳት ነኝ፣ አልቻልሁም። «አርግዣለሁ እኮ! በዚያ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቻለሁ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። በአማት ላይ መጮህ ነውር መሆኑ ትዝ ያለኝ ከጮኽሁ በኋላ ነው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ወይኔ! በገዛ እጄ!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። እንዶዱንም ከነጣሳው አውጥተው ጓሮ ቀበሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቀመጥም ስነሳም «ደህና ነሽ?» ይሉኛል። ሆዴን ቆረጥ ባደረገኝ ቁጥር ሁለታችንም ቀጥ እንላለን። ሐኪሙ «በዚህች ጠብታ ምንም አትሆኚም» ቢለኝም አላመንሁትም፤ እሳቸውም አላመኑትም። ለቁስቋም ማርያም ተሳሉ። በቤቴ ግን ዳግመኛ ዕቃ አልነኩም፤ እኔም ለምኜ ለምኜ ታከተኝ።

ልጄ በጤና ተወለደች። ወደ ማክሰኝት ተመልሰው የነበሩት አማቴ ሊጠይቁኝ መጥተው አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። እንኩ ያዟት ብዬ ስዘረጋላቸው ሁለቱን እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

«የእኔ እጅ ይቅርባት። እንዲሁ ልያት» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ።

«ኧረ እማማ፣ ይተዉ እንጂ! የማን ልጅ መሰለችዎት?» ብዬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኋት። እንዳትወድቅ የግዳቸውን ያዟት። አንዴ ከያዟት ወዲያ ደግሞ ማን ያስለቅቃቸው!