ጥሩምባው ከማዶ ሲሰማ

ወጋየሁ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ጎፋ ውስጥ ሰው ሲያርፍ ጎህ ሳይቀድ ይወጣና ከአስፋልቱ እስከ ወንዙ ማዶ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። በ1989 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ግን ደም ግፊት መታው። ቀኝ እጁና እግሩ ዛሉ፤ አፉ ወደ ጎን ተጣመመ።

በዚያው ሳምንት በንቲንም መታው። በንቲ ድንጋይ ጠራቢና የእድሩ አባል ነው፤ ወጋየሁን በአራት ዓመት ይበልጠዋል። ሁለቱም አንድ ሆስፒታል ተኙ፤ አንድ ዓይነት ክኒን ዋጡ፤ ሃሩን የሚባል አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ እግራቸውን አፍታታ። ለመስቀል በንቲ ያለ ከዘራ ሱቅ ሄደ። ወጋየሁ ከአልጋ ወርዶ በርጩማ ላይ ለመቀመጥ እንኳ ሚስቱን በቀለችን ይጠራል።

"ምን በድዬ ነው?" ይላል በየቀኑ። "መድኃኒቱን ቀንሰውብኝ ነው እንጂ!"

እድሩም ቀን ቆርጦለታል፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል ተነስቶ መንፋት ካልቻለ ጥሩምባው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሃሩን ወጋየሁ ቤት ድረስ መጣ።

"ጋሽ ወጋየሁ፣ ከመታመምዎ በፊት ሳያርፉ ምን ያህል ይሄዱ ነበር?"

"ሰፈሩን በሙሉ ነዋ!"

በቀለች ከጓዳ ብቅ አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ለሐኪም ይዋሻል እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚነፋው። የማዶ ሰዎች አልሰማንም ብለው ሲያኮርፉ፣ ነፋሱ ወስዶት ነው ይላቸዋል። ቀበቶውን እይልኝ ልጄ፤ አራት ጊዜ በምስማር በስቼለታለሁ።"

"ዝም በይ አንቺ!"

"ዝም ብዬ አይደል እዚህ የደረስነው!"

ሃሩን ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

"ይሄን ያኔ ብትነግሩኝ አጀማመሬ ሌላ ይሆን ነበር። ጋሽ በንቲን በሽታው ያገኛቸው ሰውነታቸው ጠንካራ ሳለ ነው። እርስዎን ግን ከስተውና ደክመው ሳለ ነው ያገኘዎ። መድኃኒቱ አንድ ቢሆንም የሚያገግመው ሰውነት አንድ አይደለም። መራመዱ ይቆየን። እንቁላል፣ ወተት ይብዛልዎ፤ የጾሙን ነገር ንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ከበርጩማው መነሳትና መቀመጥ፣ ጠዋት አምስት ጊዜ፣ ማታ አምስት ጊዜ።"

"ለሚካኤል እደርሳለሁ?"

"ለሚካኤል እንኳ አይደርሱም።"

እንዳለውም አልደረሰም። የእድሩ ሽማግሌዎች ጥሩምባውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ተረካቢው ራሱ በንቲ ሆኖ ተገኘ።

"ወንድሜ፣ እስክትነሳ ድረስ ነው የምይዘው" አለ በንቲ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

"ያዘው ባክህ! አንተን ብሎ በሽተኛ!"

በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ሰው አረፈ። ወጋየሁ ማልዶ ነቅቶ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥሩምባው መጀመሪያ ከአስፋልቱ በኩል ተሰማ፤ ቀጥሎ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ። እዚያ ያበቃል ብሎ ጠበቀ። ድምፁ ጠፋ። ቆይቶ ቆይቶ፣ ቀጠን ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ተሰማ።

"ደረሰ" አለ ወጋየሁ። "ሽማግሌው ማዶ ደረሰ።"

የአልጋውን ጠርዝ በግራ እጁ ጨብጦ ራሱን ወደ ላይ ሳበ። መቀመጫው ከበርጩማው አንድ ስንዝር ያህል ተነሳና ተመልሶ ዘጭ አለ።

"ስንት ሆነ?" አላት በቀለችን፣ እያለከለከ።

"ምኑ? አንድም አልሆነ።"

"እንግዲያው ቁጭ በይና ቁጠሪ!" ብሎ ጮኸባት፤ ጠርዙን እንደገና ያዘ።